መግል ቀን አይሰጥም፦ የሕፃናት የሳንባ ኢንፌክሽንና ቀዶ ሕክምና

ከአልጋው ሥር፣ ወለሉ ላይ፣ አንድ ጠርሙስ ተቀምጧል። ከታቹ ጥቂት ንጹሕ ውሃ ይዟል። ከአራት ዓመት ልጅ ጎን የወጣ ቱቦ በክዳኑ በኩል ገብቶ ጫፉ ከውሃው በታች ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ጠልቋል። ልጁ አየር ሲስብ በቱቦው ውስጥ ያለው ውሃ ከፍ ይላል፤ ሲያስወጣ ዝቅ ይላል። እናቲቱ ዓይኗን ከዚያ ውሃ ላይ አትነቅልም። ነርሷ አጥብቃ ያስጠነቀቀቻት አንድ ነገር ነው፦ ጠርሙሱን ከልጁ ደረት በላይ እንዳታነሺው። ከፍ ካለ ውሃው ተመልሶ ወደ ደረቱ ይገባል። ውሃው ከትንፋሹ ጋር እስከወጣና እስከወረደ ድረስ ቱቦው ሥራውን እየሠራ ነው። ጸጥ ካለ ግን ወይ ቱቦው ተደፍኗል፣ ወይ ሳንባው ተዘርግቶ ቦታውን ሞልቷል። የትኛው እንደሆነ የሚለየው ሐኪሙ ነው።

ስለ ሕፃናት ሳንባ ቀዶ ሕክምና ሲወራ ብዙ ሰው የሚያስበው የተከፈተ ደረትንና ትልቅ ቢላዋን ነው። ብዙ ነፍስ ያተረፈው ግን ይህ ጠርሙስና ይህ ቱቦ ነው። ይህ ዳሰሳ የሚያነሳው ጥያቄ አንድ ነው፦ በኢንፌክሽን የታመመ የልጅ ሳንባ የቀዶ ሐኪም እጅ የሚያስፈልገው መቼ ነው? የደረስኩበትን መልስ ከወዲሁ ልናገር። የልጅ ሳንባ ራሱን የመጠገን አቅሙ የሚያስደንቅ ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ ቢላዋ አይፈልግም። በሚፈልግበት ጊዜ ደግሞ የቀዶ ሕክምናውን ትልቅነት የሚወስነው በከንቱ ያለፉት ቀናት ብዛት ነው። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ብዙዎቹ በመድኃኒት ይድናሉ

የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው በ2019 ብቻ የሳንባ ምች ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች የሆኑ ከ740 ሺህ በላይ ሕፃናትን ገድሏል። በዚያ ዕድሜ ክልል ከሞቱት ሕፃናት 14 በመቶው ማለት ነው። ከእነዚህ አብዛኞቹን ሊያተርፋቸው ይችል የነበረው እንደ አሞክሳሲሊን ያለ ርካሽ መድኃኒት፣ ኦክሲጅንና በጊዜ የደረሰ ሐኪም ነው። ቀዶ ሕክምና የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ ለጥቂቶች ነው።

ጥቂቶቹን ከብዙኃኑ የሚለየው ዋናው ምልክት የማይበርድ ትኩሳት ነው። በሆስፒታል አንቲባዮቲክ የጀመረ ልጅ በ48 ሰዓት ውስጥ መሻሻል ይጠበቅበታል። ትኩሳቱ ካልበረደ፣ ትንፋሹ እንደፈጠነ ከቀረ፣ በአንድ ጎኑ ብቻ መተኛትን ከመረጠ፣ ሐኪሙ መድኃኒት ከመቀየሩ በፊት ሌላ ነገር መጠርጠር አለበት። ምናልባት ሳንባውና የጎድን አጥንቱ መካከል ውሃ ወይም መግል ተቋጥሯል። ራጅ ጥርጣሬውን ያጠናክራል። የውሃውን መጠን፣ ውፍረቱንና መከፋፈሉን አጥርቶ የሚያሳየው ግን አልትራሳውንድ ነው። ጨረር የለውም፣ ማስተኛትም አይጠይቅም፣ እናቱ ታቅፋው እያለ ይሠራለታል። ሲቲ ስካን ለሁሉም ልጅ አያስፈልግም፤ ነገሩ ሲወሳሰብ ወይም ትልቅ ቀዶ ሕክምና ሲታሰብ ይመጣል።

ደረት ውስጥ የተቋጠረ መግል

በሳንባው ሽፋኖች መካከል የሚቋጠረው መግል የዚህ ጥያቄ እምብርት ነው። በሽታው በሦስት ደረጃ እንደሚጓዝ የአሜሪካ የደረት ሕክምና ማኅበር በ1962 አስቀምጧል፤ ክፍፍሉ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። በመጀመሪያው ደረጃ ውሃው ቀጭን ነው፤ በቱቦ በቀላሉ ይወርዳል። በሁለተኛው ይወፍራል፣ መግል ይሆናል፣ በውስጡም እንደ ሸረሪት ድር ያለ ክር ተዘርግቶ ቦታውን ወደ ብዙ ትንንሽ ክፍሎች ይቆራርጠዋል። ቱቦ ቢገባ አንዱን ክፍል ያጎድላል፣ ሌላውን አይነካም። በሦስተኛው ድሩ ወደ ጠንካራ ቅርፊት ይለወጥና ሳንባውን ጠፍሮ ይይዘዋል። ከአንዱ ደረጃ ወደ ሌላው ለመሻገር ቀናት ወይም ጥቂት ሳምንታት ብቻ ይበቃሉ።

መግልን በጎድን አጥንቶች መካከል ማፍሰስ እንደሚያድን ከክርስቶስ ልደት በፊት በነበሩት የሂፖክራተስ ጽሑፎች ውስጥ ተመዝግቧል። ከ2000 ዓመታት በኋላ፣ በ1875፣ ጀርመናዊው ሐኪም ጎትሃርድ ቡላው ቱቦውን ውሃ ውስጥ በመንከር አየር ወደ ደረት ሳይገባ መግሉ ብቻ የሚወጣበትን ዘዴ ሥራ ላይ አዋሉ። በመግቢያዬ ያነሳሁት ጠርሙስ የእርሳቸው ውርስ ነው።

የዘዴው ዋጋ በጉልህ የታየው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ነው። በ1917 እና 1918 በአሜሪካ የጦር ካምፖች ውስጥ የሳንባ ምችን ተከትሎ የሚመጣ የደረት መግል ወጣት ወታደሮችን ይፈጅ ነበር። የወቅቱ ልማድ ደረትን ቶሎ በሰፊው ከፍቶ ማፍሰስ ሲሆን ከታካሚዎቹ 30 በመቶ ያህሉ ይሞቱ ነበር። ጉዳዩን እንዲያጠና የተቋቋመውና ቀዶ ሐኪሙ ኤቫርትስ ግርሃም የነበሩበት ኮሚሽን ምክንያቱን ደረሰበት። ሳንባው ገና ከደረቱ ግድግዳ ጋር ሳይጣበቅ ደረት ሲከፈት አየር ይገባል፤ የታመመው ሳንባ ይጨመደዳል፤ ጤነኛውም ጎን ይታፈናል። ኮሚሽኑ በዝግ ቱቦ ማፍሰስን መከረ፣ ሞቱም በአንዳንድ ካምፕ ከ5 በመቶ በታች ወረደ። ትምህርቱ ለሕፃናት ይበልጥ ይሠራል፤ በልጅ ደረት ውስጥ ልብና ትላልቆቹ የደም ሥሮች ያሉበት መካከለኛ ክፍል ገና ልልና ተንቀሳቃሽ ስለሆነ በአንድ ወገን የገባ አየር ሁሉንም ይገፋል።

መድኃኒት ወይስ ካሜራ?

ቱቦ ብቻውን የማይበቃበት ሁለተኛው ደረጃ ላለፉት ሠላሳ ዓመታት ሐኪሞችን ሲያከራክር ኖሯል። አንዱ ወገን ድሩን የሚያሟሟ መድኃኒት በቱቦው በኩል ይግባ ይላል። ይህ ሐሳብ ከ1949 ጀምሮ የነበረ ሲሆን በሕፃናት ላይ እንደ ዩሮኪናዝ ባሉ መድኃኒቶች ዳብሯል። ከአንድ ዓመት በላይ ለሆነ ልጅ በእንግሊዝ የተለመደው አሰጣጥ 40 ሺህ ዩኒት በ40 ሚሊ ሊትር ተበጥብጦ በቀን ሁለት ጊዜ ለሦስት ቀን ነው። ሌላው ወገን ልጁን ቶሎ አደንዝዞ፣ በትንንሽ ቀዳዳዎች ካሜራ አስገብቶ፣ ድሩን በዓይን እያዩ ጠርጎ ማውጣት ይሻላል ይላል።

ሁለቱ ወገኖች በዕጣ በተመደቡ ሕፃናት ላይ ተወዳድረዋል። በ2006 የታተመው የለንደን ጥናት 60 ልጆችን ይዞ ነበር፤ ከሕክምናው በኋላ በሆስፒታል የቆዩት በሁለቱም ወገን መካከለኛው 6 ቀን ሆነ። ወጪው በመድኃኒቱ በኩል አነሰ። በ2009 በአሜሪካ ካንሳስ ሲቲ በ36 ልጆች ላይ የተደረገው ተመሳሳይ ውጤት አገኘ፤ መድኃኒት ከወሰዱት ከየስድስቱ አንዱ ግን በኋላ ቀዶ ሕክምና አስፈልጎታል። በ2014 ከስፔን የወጣውና 103 ልጆችን የያዘው ጥናትም ልዩነት አላየም። የአሜሪካ የሕፃናት ቀዶ ሐኪሞች ማኅበር በ2012 ያቀረበው ግምገማ፣ ራሱ የቀዶ ሐኪሞች ስብስብ ሆኖ ሳለ፣ መድኃኒቱ እንዲቀድም መከረ።

የእኔም ፍርድ ከዚህ አይርቅም። ከስድስት ልጆች አምስቱን ከቀዶ ሕክምና የሚያተርፍ መንገድ ካለ በእርሱ መጀመር ተገቢ ነው። ሆኖም እነዚህ ጥናቶች የተሠሩት ልጆች በሽታው ከያዛቸው በጥቂት ቀናት ውስጥ በሚደርሱባቸው፣ አልትራሳውንድ በየአልጋው ባለባቸው ሆስፒታሎች ውስጥ ነው። በእኛ ዓይነት አገር ብዙ ልጅ የሚመጣው ክርክሩ ካለፈበት በኋላ፣ በሦስተኛው ደረጃ ላይ ሆኖ ነው።

ቅርፊቱ ሲገፈፍ

በሦስተኛው ደረጃ ደረቱ ይከፈታል። የሚታየው ሮዝ መልክ ያለው ለስላሳ ሳንባ ሳይሆን በግራጫ ቅርፊት ተጠፍሮ የተኮማተረ ሥጋ ነው። ቀዶ ሐኪሙ የቅርፊቱን ጠርዝ ፈልጎ በጥንቃቄ ይሰነጥቃል፣ ከዚያ በጣቱና በጎዝ ጨርቅ ቀስ እያደረገ ከሳንባው ይለየዋል። ቢቸኩል ሳንባው ይቀደዳል፤ ቢተወው ሳንባው እንደታሰረ ይቀራል። አንድ ክፍል በተላቀቀ ቁጥር ማደንዘዣ ሰጪው አየር ይነፋል፤ ሳንባውም ከተላጠው በኩል እየተነፋ፣ እየቀላ ይወጣል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በአሜሪካ ፋውለር፣ በፈረንሳይ ደሎርም የጀመሩት ይህ ሥራ ዛሬም ቦታ አለው። ነገር ግን ደም ያፈሳል፣ ረጅም ሰዓት ይወስዳል፣ የደም ክምችትና የሕፃናት ማደንዘዣ የሚያውቅ ባለሙያ ይጠይቃል። ከሁለት ሳምንት በፊት ቢመጣ ኖሮ ይኸው ልጅ የሚያስፈልገው አንድ ቱቦ ነበር።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ያለው ዜና ደስ ያሰኛል። በጊዜ የታከመ ልጅ ራጁ በአብዛኛው ከሦስት እስከ ስድስት ወር ውስጥ ወደ ጤነኛ መልኩ ይመለሳል፤ በ18 ወር ውስጥ የሁሉም ማለት በሚቻል ደረጃ ይጠራል። በሕመሙ ጊዜ ወደ አንድ ጎን ያጋደለው አከርካሪም ይቃናል።

እጅ መሰብሰብ የሚያስፈልግበት ቦታ

የቀዶ ሕክምና ጥበብ ግማሹ አለመቁረጥን ማወቅ ነው። በሳንባው ሥጋ ውስጥ የሚፈጠር የመግል ከረጢት አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ወደ አየር ቧንቧ ፈስሶ፣ ለሳምንታት በሚሰጥ አንቲባዮቲክ ይድናል። ስታፊሎኮከስ በተባለ ባክቴሪያ ከሚመጣ የሳንባ ምች በኋላ የሚታየው ስስ ግድግዳ ያለው የአየር ከረጢትም ራጁን ለሚያይ ሰው ቢያስፈራም ብዙውን ጊዜ በራሱ ይጠፋል። ቱቦ የሚፈልገው አብጦ ሳንባውን ከተጫነ ወይም ፈንድቶ አየር ወደ ደረት ከለቀቀ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው የሳንባው ሥጋ ራሱ በስብሶ ሲሞት ነው። በሲቲ ስካን ላይ ጥቁር ቀዳዳዎች ይታያሉ፤ ልጁ ለሳምንታት ያተኩሰዋል፤ ቤተሰብም ሐኪምም “ይቆረጥ” ለማለት ይፈተናሉ። እዚህ ላይ ቢላዋ ችኮላ ነው። የበሰበሰውን ቆርጦ ለማውጣት የሚደረግ ሙከራ ሊድን የሚችለውን ጭምር ይወስዳል፤ ከሳንባው ወደ ደረት የሚያፈስ የማይዘጋ ቀዳዳም ሊተው ይችላል። በሕፃንነት ዓመታት ሳንባው የተሠራባቸው ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች ገና በቁጥር እየጨመሩ ስለሆነ፣ በአዋቂ ላይ የሚቀረው ጉዳት በልጅ ላይ ይሞላል። ትዕግሥት፣ መድኃኒትና ጥሩ ምግብ አብዛኞቹን ያድናሉ።

አንድ ፍሬ ቆሎ

ደጋግሞ በአንድ ቦታ የሚመለስ የሳንባ ምች ሌላ ታሪክ ሊኖረው ይችላል። የሁለት ዓመት ልጅ ቡና እየተጠጣ ከጀበናው አጠገብ ከተቀመጠው ቆሎ ዘገን ያደርጋል፤ ይሮጣል፤ ይስቃል፤ ትን ይለዋል። ለጥቂት ደቂቃ ያስለዋል፣ ይተወዋል። ሁሉም ይረሳዋል። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሳል፣ ትኩሳት፣ መድኃኒት፤ እንደገና ሳል። ራጁ ላይ ፍሬው አይታይም፤ ሽምብራና ኦቾሎኒ እንደ አጥንትና እንደ ብረት ጥላ አይጥሉም። ባቄላና ሽምብራ በእርጥበቱ ያብጣሉ፤ ኦቾሎኒ በዘይቱ የአየር ቧንቧውን ያስቆጣል። ለምርመራው ቁልፉ አንዲት ጥያቄ ናት፦ “ልጁን ትን ብሎት ያውቃል?”

ጀርመናዊው ሐኪም ጉስታቭ ኪሊያን በ1897 በፍራይቡርግ ከአንድ ገበሬ የአየር ቧንቧ ውስጥ አጥንት በቱቦ ካወጡ ወዲህ ደረት መክፈት ሳያስፈልግ ባዕድ ነገርን ማውጣት ተችሏል። ሐኪሙ ልጁን አደንዝዞ በአፉ በኩል ቀጥ ያለ የብረት ቱቦ፣ ብሮንኮስኮፕ፣ ያስገባል፤ በጫፉ ብርሃን እያየ በቀጭን መቆንጠጫ ፍሬውን ይይዛል። ሥራው ደቂቃዎች ይፈጅ ይሆናል፤ ነገር ግን ቀዶ ሐኪሙና ማደንዘዣ ሰጪው የሚጋሩት አንድ ጠባብ የአየር መንገድ ብቻ ስለሆነ የሁለቱ መግባባት ነፍስ ይወስናል። ፍሬው ለወራት ከተረሳ ከበስተኋላው ያለው ሳንባ በመግል እየራሰ ይበላሻል፤ ያን ጊዜ መቁረጥ ሊመጣ ይችላል።

የተበላሸውን ክፍል ማውጣት

ኩፍኝ፣ ትክትክ፣ ቲቢ ወይም የተረሳ ባዕድ ነገር የአየር ቧንቧዎቹን ግድግዳ ከበላ በኋላ ቧንቧዎቹ ተለጥጠው አክታ የሚጠራቀምባቸው ኪሶች ይሆናሉ። ልጁ ጠዋት ጠዋት ብዙ አክታ ይተፋል፣ ይከሳል፣ ጣቶቹ ጫፋቸው ያብጣል። ጉዳቱ በአንድ ክፍል ብቻ ከተወሰነና መድኃኒትና የደረት እንቅስቃሴ ካልረዱ፣ ያን ክፍል ማውጣት ልጁን ወደ ትምህርት ቤቱ ይመልሰዋል። ጉዳቱ በሁለቱም ሳንባ ከተበተነ ግን ቢላዋ የሚያመጣው ጥቅም ትንሽ ነው።

በዚህ መስክ አንድ ታሪክ መነገር አለበት። በ1931 በርሊን ውስጥ ቀዶ ሐኪሙ ሩዶልፍ ኒሰን የ12 ዓመት ልጅ የነበረችን ታካሚ በዚህ ሕመም የተበላሸ ሙሉ ሳንባ በሁለት ዙር ቀዶ ሕክምና አውጥተው በሕይወት አተረፏት። አንድን ሳንባ ሙሉ በሙሉ አውጥቶ ታካሚን በማዳን የመጀመሪያው ስኬት ተደርጎ ይቆጠራል። አይሁዳዊ ዘር ያላቸው ኒሰን በ1933 ከናዚዎች ሸሽተው ወደ ኢስታንቡል ሄዱ። በ1950ዎቹ ደግሞ የጨጓራ አሲድ ወደ ላይ እንዳይመለስ የሚከለክለውን፣ በስማቸው የሚጠራውን ቀዶ ሕክምና አስተዋወቁ። ምግብና አሲድ እየተመለሰ ወደ ሳንባቸው ለሚገባባቸው፣ በተለይም የአንጎል ጉዳት ላለባቸው ሕፃናት ይህ ቀዶ ሕክምና ተደጋጋሚ የሳንባ ምችን ለመቀነስ ይውላል። የሳንባው መታመም ምንጭ ሆድ ውስጥ ሊሆን እንደሚችል ያስተምራል።

አንዳንዱ ልጅ ደግሞ ከመወለዱ ጀምሮ በሳንባው ውስጥ ውሃ የቋጠረ ወይም ከቀሪው ሳንባ ጋር ያልተገናኘ ክፍል አለው። ይህ ክፍል በተደጋጋሚ ያመግላል፤ ማውጣቱ መድኃኒቱ ነው። ትንሽ ልጅን በአንድ ሳንባ ብቻ እያስተነፈሱ ማደንዘዝ ግን ከባድ ነው። በአዋቂዎች የሚሠራበት ባለ ሁለት ቦይ ቱቦ ለትንንሾቹ የሚሆን መጠን የለውም፤ መግሉም ወደ ጤነኛው ሳንባ እንዳይፈስ መጠበቅ አለበት።

ቲቢና የውሻ ትል

ቲቢን የሚያድነው መድኃኒት ነው። ቀዶ ሕክምና የሚገባው በጥቂት ቦታዎች ነው፦ ያበጡ እጢዎች የልጁን የአየር ቧንቧ ሲጫኑና መድኃኒቱ ሲዘገይ፣ ወይም ከሕክምናው በኋላ የተበላሸ ክፍል ሲቀር። በእነዚያ እጢዎች ቀዶ ሕክምና በኬፕ ታውን ያሉ ሐኪሞች ሰፊ ልምድ አካብተዋል።

ከውሻ የሚተላለፈው የሃይዳቲድ ትል ደግሞ የአርብቶ አደር ሕፃናት ሕመም ነው። በአገራችን በደቡብ ኦሞ፣ በሐመር፣ በዳሰነችና በኛንጋቶም ዘንድ ከቆየ ዘመን ጀምሮ ተመዝግቧል። የትሉ ከረጢት በልጅ ልል ሳንባ ውስጥ በፍጥነት ያድጋል። ቀዶ ሐኪሙ ዙሪያውን በጨው ውሃ በተነከረ ጨርቅ ሸፍኖ ከረጢቱን ሳይፈነዳ ለማውጣት ይጥራል፤ ውሃው ከፈሰሰ ብርቱ አለርጂ ሊያስነሳና ትሉን ሊዘራ ይችላልና። ከዚያ የተከፈቱትን ትንንሽ የአየር ቀዳዳዎች ይሰፋል፣ የሳንባውን ሥጋ ያተርፋል። ትልቅ የሳንባ ከረጢት ላለው ልጅ ከቀዶ ሕክምናው አስቀድሞ የትል መድኃኒት የሆነውን አልቤንዳዞል መስጠት ከረጢቱን ሊያፈነዳው ስለሚችል አይመከርም።

በአገራችን ምን ይደረግ?

ኢትዮጵያ ትክክለኛውን መንገድ ይዛለች። በ2007 የሳንባ ምች ከሚያመጡት ባክቴሪያዎች አንዱ የሆነውን ሂብን የሚከላከለው ባለ አምስት ክትባት፣ በ2011 ደግሞ የሌላው የሳንባ ምች ባክቴሪያ፣ የኒሞኮከስ፣ ክትባት በመደበኛው ፕሮግራም ገብተዋል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በጤና ኬላ የሳንባ ምችን እንዲያክሙ ተደርጓል። በ2015 ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን በዓለም 5 ቢሊዮን ሰው ደህንነቱ የተጠበቀ ቀዶ ሕክምና እንደማያገኝ ካስታወቀ በኋላ የጤና ሚኒስቴርም ቀዶ ሕክምናን ወደ ወረዳ ሆስፒታሎች ለማውረድ አገር አቀፍ መርሐ ግብር ጀምሯል። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታልም የሕፃናት ቀዶ ሐኪሞች ይሠለጥናሉ።

ከዚህ ዳሰሳ ለዚህ መርሐ ግብር የሚወጣው ምክር ግልጽ ነው። ካሜራ ያለው ቀዶ ሕክምና በየክልሉ ሪፈራል ሆስፒታል ይኑር፤ ነገር ግን ሕፃናትን በብዛት የሚያተርፈው በየወረዳው ሆስፒታል አልትራሳውንድ የሚያነብ፣ ለልጅ የሚሆን ቱቦ በትክክለኛው ቦታ የሚያስገባ ጠቅላላ ሐኪምና ጠርሙሱን የሚጠብቅ ነርስ መኖር ነው። ልጁ በሁለተኛው ሳምንት አዲስ አበባ ከሚደርስ በሦስተኛው ቀን በአካባቢው ቱቦ ቢገባለት ይሻላል።

ለወላጆችም አንድ ቃል አለኝ። ልጅ ሲያስለው “እንጥሉ ወርዷል” ብሎ ወደ ቆራጭ መውሰድ በአንዳንድ አካባቢ አልቀረም። እንጥል መቁረጥ የሳንባ ምችን አያድንም፤ ደም ያፈሳል፣ በሽታ ያስገባል፣ ከሁሉም በላይ ቀን ይበላል። የልጃችሁን ልብስ ግለጡና ደረቱን እዩ። አንድ ደቂቃ ሙሉ ትንፋሹን ቁጠሩ። ከ2 ወር በታች ከሆነ 60፣ ከ2 እስከ 12 ወር 50፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ወይም ሲተነፍስ የደረቱ ታች ወደ ውስጥ ከገባ፣ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። መድኃኒት ጀምሮ በሁለት ቀን ካልተሻለው መልሱት፤ ትን ብሎት የሚያውቅ ከሆነም ሳትጠየቁ ተናገሩ። ቆሎና ኦቾሎኒ ከ4 ዓመት በታች ካለ ልጅ እጅ ይራቁ። መግል ቀን አይሰጥም፤ እናንተም ቀን አትስጡት።